አምፕሊፋየሩ በዶላር፣ ማስቀመጫው በብር

ለመተማ ቆላ የሚስማማ የድምፅ መሣሪያ ማስቀመጫ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራል?

ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ መጋዘን ሲከራይ አስቀድሞ የሚያየው ርብራቡን ነው። ኩንታል ባዶ መሬት ላይ እንደማይደረደር፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንደማይቆለል፣ ከሥሩ ነፋስ ካላገኘ እንደሚሻግትና ምስጥ እንደሚገባበት ለመተማ ዮሐንስ ነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይኸው ነጋዴ ግን ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ወይም ያቋቋመውን መጠጥ ቤት ሲያደራጅ፣ ዋጋው ከጥቂት ኩንታል ሰሊጥ የማይተናነስ አምፕሊፋየር ገዝቶ መስታወት በተገጠመለት ቡፌ ውስጥ ያስገባና በሩን ይዘጋበታል። በላዩ ዳንቴል ያለብሰዋል። ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል። ለሰሊጡ የፈቀደለትን ነፋስ ለአምፕሊፋየሩ ነፈገው ማለት ነው።

የገበያ ገጽ ስለ መደርደሪያ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። ጉዳዩ ግን የመተኪያ ዋጋ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል በባንኮች 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አምፕሊፋየር ከጃፓንም ይምጣ ከቻይና፣ ዋጋው የሚቆረጠው በዶላር ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የተገዛ መሣሪያ ዛሬ ቢቃጠል በገዙበት ዋጋ አይተካም። በመተማ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በሱዳን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ዕቃ ከገላባት ማዶ ይመጣል ብሎ ዕቅድ ማውጣት አስቸጋሪ ሆኗል። ማስቀመጫው ግን በአገር ውስጥ አናጢና በያጅ የሚሠራ፣ ወጪውም በአብዛኛው በብር የሚሸፈን ነው። በብር የተገዛው በዶላር የተገዛውን የሚጠብቅበት መንገድ ካለ፣ ያን መንገድ ማስላት ለነጋዴ ተገቢ ሥራ ነው።

የደጋ ዕቃ በቆላ

ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛው በዚያ ርቀት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት፣ ከዚያም በፊት የታወቀ የድንበር ገበያ የነበረችው መተማ፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የቀን ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባት አገር ናት። በዚሁ መንገድ ተጭነው የሚወርዱት ቡፌና የቴሌቪዥን ማስቀመጫዎች ግን የተነደፉት ለደጋ ሳሎን ነው። ኋላቸው በኮምፔርሳቶ የተደፈነ፣ ፊታቸው በመስታወት የተዘጋ፣ አቧራ እንዳይገባና ዕቃው እንዲያምር የታሰቡ ናቸው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ይህ ጥፋት ቶሎ አይታይም። በመተማ በአንድ በጋ ይታያል።

ምክንያቱን ለመረዳት አምፕሊፋየር ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። መሣሪያው ከሶኬት የሚስበውን ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከር አይልክም። በየቤቱ የሚገኙት የቆዩ የፒዮኒር፣ የኬንዉድ፣ የቴክኒክስና የያማሃ ሥሪቶች አብዛኞቹ ባለሙያዎች «ክላስ ኤቢ» የሚሉት ዓይነት ናቸው። የዚህ ዓይነት መሣሪያ ብቃት በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንኳ ከ78.5 በመቶ አይበልጥም። ያም የሚገኘው መሣሪያው እስከ መጨረሻው ሲጮኽ ብቻ ነው፤ በመካከለኛ ድምፅ ሲሠራ ብቃቱ በእጅጉ ይወርዳል። «እኔ ድምፁን ቀነስ አድርጌ ነው የምሰማው» የሚለው መከላከያ ስለዚህ አያስኬድም። ከፍተኛው ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው መሣሪያው በሙሉ አቅሙ ሲጮኽ ሳይሆን ከዚያ መለስ ባለው መጠን ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አምፕሊፋየር 150 ዋት ስቦ 50 ዋቱን ለስፒከሮቹ ቢሰጥ፣ ቀሪው 100 ዋት ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። መቶ ዋት ማለት ዱሮ በየሳሎኑ የሚሰቀለው ትልቁ አምፖል ነው። የበራ አምፖል ቡፌ ውስጥ አስገብቶ በር የሚዘጋ ሰው የለም። አምፕሊፋየሩ ብርሃን ስለሌለው ብቻ ይህ ይደረግበታል።

በቅርብ ዓመታት የመጡት «ክላስ ዲ» የሚባሉት ቀለል ያሉ መሣሪያዎች ብቃታቸው 90 በመቶ ገደማ ስለሚደርስ ሙቀታቸው አነስተኛ ነው። አዲስ ለሚገዛ የመተማ ነዋሪ ይህ ራሱን የቻለ የምርጫ መመዘኛ ሊሆን ይገባል። እነሱም ቢሆኑ ግን ተዘግቶባቸው እንዲሠሩ አልተፈጠሩም።

አምራቾቹ ራሳቸው ይህን አልደበቁም። ፒዮኒር በመመሪያ መጻሕፍቱ መሣሪያው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአካባቢ ሙቀት እንዲሠራ ይጽፋል። ያማሃ ለአንዳንድ ሪሲቨሮቹ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከግራና ከቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ እንዲተው ያሳስባል። መመሪያው ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ ስለሚቀር ማንም አያነበውም። በመተማ የመጋቢት ቀትር ሳሎኑ ራሱ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ መሣሪያው ገና ሳይበራ ከተፈቀደለት ወሰን ወጥቷል ማለት ነው። ቡፌው በዚህ ላይ 10 እና 15 ዲግሪ ቢጨምርበት የሚያስገርም አይሆንም።

የ10 ዲግሪ ሂሳብ

በአምፕሊፋየር ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሙቀት ቶሎ የሚያስረጀው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የሚባለውን፣ ጣሳ የሚመስለውን ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሲደርቅ መጀመሪያ ስፒከሩ «ህም» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያም ኃይሉ ይደክማል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ቁጥሩ በዚያ ሙቀት ለተወሰኑ ሰዓታት እንደሚያገለግሉ የሚገልጽ ሲሆን፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ያድጋል የሚለው የመሐንዲሶች የተለመደ ስሌት ነው።

እንግዲህ እናስላው። በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የሚያገለግል ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 8,000 ሰዓት፣ በ55 ዲግሪ 16,000 ሰዓት ይቆያል። በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ መጠጥ ቤት በዓመት 3,000 ሰዓት ይጠቀማል። በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ካፓሲተሩ 65 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ ዕድሜው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል። በክፍት ማስቀመጫ ወደ 55 ከወረደ አምስት ዓመት ከአራት ወር ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 40,000 ብር ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የዓመት የእርጅና ወጪው 15,000 ብር ሲሆን በሁለተኛው 7,500 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 7,500 ብር ይመጣል። ማስቀመጫው 6,000 ብር ቢያስወጣ እንኳ ወጪውን በአሥር ወር ውስጥ ይመልሳል። ይህን ያህል ፈጥኖ ዋናውን የሚመልስ መዋዕለ ንዋይ በሰሊጥም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም።

በዚህ ስሌት ላይ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የብር ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ካፓሲተርም በባለሙያ ሊቀየር ስለሚችል መሣሪያው ከእርሱ ጋር አብሮ ይጣላል ማለት አይደለም። ነገር ግን ሙቀት የሚጎዳው እርሱን ብቻ አይደለም። ኃይል የሚያወጡት ትራንዚስተሮች ከወሰን በላይ ሲግሉ መሣሪያው ራሱን ለመከላከል ድምፁን ይቆርጣል። በአዝመራ ወራት፣ ከየአገሩ የመጣው ሳሉግ የሰሊጥ ማጨዳውን ጨርሶ ከተማ በሚገባበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው በየግማሽ ሰዓቱ የሚቋረጥበት መጠጥ ቤት የሚያጣው የጥገና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄድበታል።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። በብዙ መጠጥ ቤቶች አምፕሊፋየሩ ሰው እንዳይነካካው ተብሎ ከጣራ ሥር በተሰቀለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሞቃት አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ጣራው ራሱ እንደ ምጣድ ነው። ከክፍሉ ሁሉ በጣም የሚግለው ቦታ ለመሣሪያው ተመረጠለት ማለት ነው። የሌባና የነካኪ ሥጋት ካለ፣ መፍትሔው መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ቁልፍ ባለው የሽቦ ወንፊት ማጠር ነው። ወንፊት እጅ ይከለክላል፤ ነፋስ አይከለክልም።

ለአዲስ አበባ አንባቢም ትንሽ ነገር እንጨምር። በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ አነስተኛ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ታስበው የተሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ላለ ከፍታ ነው። ስለዚህ የቦሌ ሳሎን ቢቀዘቅዝም መሣሪያውን ቡፌ ውስጥ መዝጋት እዚያም ዋጋ ያስከፍላል።

እንጨት፣ ብረት ወይስ ሽመል?

በገበያ በርካሽ የሚገኘው በቺፑድ የተሠራና በቀጭን ቀለማዊ ልጥፍ የተሸፈነው ማስቀመጫ ነው። ለመተማ ይህ የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። ቺፑድ በክረምቱ እርጥበት ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ብሎኖቹ የሚይዙት የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ረጅሙ የመኪና መንገድ ራሱ ያላላቸዋል። ዕቃው ከመኪና ሲወርድ መወዛወዝ ከጀመረ ገዢው በብሎን ማጥበቅ እንደሚያድነው ማሰብ የለበትም። ኤምዲኤፍ ከዚህ ቢሻልም የእርጥበት ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

ጠንካራ እንጨት የሚፈልግ ሰው ሊያስብበት የሚገባው ምስጡን ነው። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ በቆላው ደረቅ አየር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዋንዛ ለአናጢ የሚመች፣ ሲያረጅም መልኩ የሚያምር እንጨት ነው። የሐበሻ ጽድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው። ሁለቱን ለሚገዛ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህም የደን ሕጎች በየጊዜው ወጥተዋል። ስለሆነም ጣውላ የሚገዛ ሰው ሕጋዊ ወረቀቱን ከሻጩ ይጠይቅ። ኬላ ላይ የተያዘ ጣውላ ለማንም አይተርፍም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ደግሞ እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ሀብቱ ሙጫው ነውና ዛፉን ለዕጣኑ መተው ይሻላል።

ለመተማ የሚመረጠው ብረት ነው ብንል ብዙዎች ይስማሙናል ብለን እናምናለን። በአንግል ወይም በቱቦላሬ የተበየደ አጽም ምስጥ አይበላውም፣ ሙቀት አያጣምመውም፣ ጎኑና ኋላው ክፍት ስለሆነ ነፋስ በየአቅጣጫው ያልፍበታል። ያማሃ የሚጠይቀው የ20 ሳንቲ ሜትር የጎን ክፍተት የሚያስጨንቀው የተዘጋ ሣጥን የሚያሠራን ሰው ነው። ክፍት አጽም ያለው ሰው ከጎኑ ሌላ ዕቃ እስካላስጠጋ ድረስ ክፍተቱ ከአጽሙ ውጪ ስላለ አንድ ሳንቲ ሜትር ብረት ተጨማሪ አይገዛም።

ብረት ግን የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። የተላጠ ገመድ ብረቱን ቢነካ ማስቀመጫው በሙሉ ይነዝራል። ስለዚህ ገመዶቹ ብረቱን ሳይታከኩ በኋላ በኩል እንዲወርዱ ማድረግ፣ የሶኬት ማከፋፈያውንም ከአጽሙ ጋር አለማሰር ያስፈልጋል። የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ከተገኘ የበለጠ ጥሩ ነው። ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ባዶ ቱቦላሬ በወፍራም ድምፅ ጊዜ ይርገበገባል፤ የላላ ላሜራማ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይዘፍናል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በረባሶ ከሚሠራ ሰው አራት የጎማ ቁራጭ ለእግሮቹ፣ አራት ደግሞ ለመደርደሪያው ማእዘኖች ማስቆረጥ ነው።

ምስጥ ብረት ባይበላም በብረት ላይ የአፈር መስመሩን ሠርቶ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ጥቅሙ መስመሩ በግልጽ መታየቱ ነው። በእንጨት እግር ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ሳይታይ ይከርማል። በቆላው እግሩን የተቃጠለ ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ማቆም የቆየ ዘዴ ነው። ለመኖሪያ ቤት ይሠራል። ሰው በሚጋፋበት መጠጥ ቤት ግን ዘይቱ ሊሾው ላይ ይፈሳል፣ ሰው ያዳልጣል፤ እሳት ካለበትም አያስተማምንም። ከዚህ ይልቅ ማስቀመጫውን ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ማራቅና የታችኛውን መደርደሪያ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ማንሣት ይሻላል። በጭቃ ቤት ውስጥ ምስጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከግድግዳው እንጨት ነውና። መጥረጊያ ከሥሩ ማለፍ ከቻለ ዐይንም ያልፋል።

የመደርደሪያው ወለል ከምን ይሁን? እዚህ ላይ ቆላው የራሱ የሆነ ነገር አለው። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን ለመሆን የተቃረበ፣ ግድግዳው የወፈረ በመሆኑ ነው። በየመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እየተተወ በብረቱ አጽም ላይ ቢረበረብ ነፋስ ከታች ወደ ላይ ያሳልፋል። የሰሊጡ ርብራብ ወደ ሳሎን ገባ ማለት ነው። ችግሩ ነቀዝ ነው። ሽመል በውስጡ ያለው የስታርች ምግብ ነቀዝ ስለሚጠራ በበጋ ተቆርጦ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና ከዚያም በጥላ መድረቅ ይኖርበታል። በችኮላ የተቆረጠ ሽመል ከወራት በኋላ ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል፤ ዱቄቱም የሚረግፈው ከታች በተቀመጠው ዴክ ላይ ነው። የአምፕሊፋየሩ እግሮች ደግሞ ክብ በሆነ ሽመል ላይ ስለሚንሸራተቱ በእግሮቹ አቅጣጫ ሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ ማሰር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ለሚል ሰው፣ በቀዳዳ የተሞላ ላሜራ ወይም ተራርቀው የተገጠሙ ሦስት ጠባብ ጣውላዎች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ማጠር ወይስ ማወፈር?

አንድ የቤት አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱም እኩል የተከፋፈለ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ ባለበት ጎን ያጋድላል። አናጢዎች መደርደሪያ ጎበጠ ሲባሉ «ጣውላው ይወፍራል» ይላሉ። ይህ ትክክል ቢሆንም ውዱ መፍትሔ ነው። የመደርደሪያ መጉበጥ የሚወሰነው በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢና በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። በሌላ አነጋገር በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርዝመት በግማሽ ቢቀንስ፣ መሐሉ ላይ በተቀመጠው በዚያው ክብደት የሚደርሰው መጉበጥ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

በቁጥር እንየው። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጎበጠ እንበል። ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ብናወፍረው መጉበጡ ከአንድ ሦስተኛ በታች ይሆናል። ውፍረቱን ሳንነካ ርዝመቱን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ብናሳጥረውም የምናገኘው ውጤት ያው ነው። የመጀመሪያው መንገድ እንጨቱን በ50 በመቶ ሲጨምር ሁለተኛው በአንድ ሦስተኛ ይቀንሰዋል። ጣውላ በመጠኑ በሚሸጥበት ገበያ ምርጫው ግልጽ ነው። ያን ሁሉ ርዝመት የሚጠይቀው ቡፌን የመምሰል ፍላጎት እንጂ መሣሪያው አይደለም። አብዛኞቹ የቤት አምፕሊፋየሮች ወርዳቸው 43 ወይም 44 ሳንቲ ሜትር ነው። እንደ ሞንታርቦ ካሉ ትላልቅ ስፒከሮች ጋር ለአዳራሽ የሚውሉት ባለ ጆሮ አምፕሊፋየሮች እንኳ በዓለም አቀፉ መለኪያ 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ጥልቀቱ ግን ከሚታሰበው ይበልጣል። መሣሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በስተኋላው ለሽቦ ማጠፊያ 10 ሳንቲ ሜትር ካልተተወ ገመዱ ተሰብሮ ይጎዳል።

ምን ከምን በላይ?

የዴክ ክፍሎችን እንደ ኩንታል አንዱን በአንዱ ላይ መቆለል የተለመደ ነው። የሚግለው አምፕሊፋየር ስለሆነ እርሱ ከሁሉ በላይ፣ በላዩ ምንም ሳይኖር ይቀመጥ። ሬዲዮውና የሲዲ ማጫወቻው ከሥሩ ይሁኑ። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ግን ሌላ ቦታ ይፈልግለት፤ መርፌው የትራንስፎርመሩን መግነጢስ ስለሚቀበል በዘፈኑ ውስጥ «ህም» የሚል ድምፅ ይገባበታል። የካሴት ዴክም ከትራንስፎርመሩ ጎን ባይጠጋ ይመረጣል። ስፒከር ደግሞ በዚሁ ማስቀመጫ ላይ መጫን የለበትም።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው መሣሪያ ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። መሣሪያው የሚሠራው በ120 ቮልት ከሆነ የእኛን 220 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ይህም ከባድና የሚግል ዕቃ ነው። ቦታው በታችኛው መደርደሪያ ዳርቻ ላይ እንጂ ከአምፕሊፋየሩ ሥር አይደለም። ስታቢላይዘርም እንዲሁ።

ስለ ድምፅ ጥራት አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። በውጭ አገር ለአምፕሊፋየር ማስቀመጫ ከመሣሪያው የሚበልጥ ዋጋ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ሾጣጣ የናስ እግር፣ የእብነ በረድ ወለል፣ የመስታወት መደርደሪያ ድምፁን ያጠራል ይባላል። ለሸክላ ማጫወቻና ባለ አምፖል ለሚባሉት አሮጌ አምፕሊፋየሮች መንቀጥቀጥን መከላከል ትርጉም አለው። በትራንዚስተር ለሚሠራው ተራ አምፕሊፋየር ግን ማስቀመጫው ድምፁን ይለውጣል የሚለው በአስተማማኝ ፈተና የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ሻጩ ስለ ድምፅ ማውራት ሲጀምር ገዢው ስለ ነፋስ ይጠይቀው።

የክፍት ማስቀመጫ ትልቁ ጉድለት አቧራ ነው። ይህንን መካድ አይገባም፤ የመስታወት ቡፌው ደጋፊዎች ትክክል የሚሆኑበትም ነጥብ ይኸው ነው። በሙቀት ማስወጫው ክንፎች ላይ የተጋገረ አቧራ ራሱ ብርድ ልብስ ስለሚሆን የተገኘውን ጥቅም መልሶ ይበላል። በመሆኑም መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ዳንቴሉም ቢሆን ጨርሶ አልተከለከለም። መሣሪያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይልበስ፤ ከመብራቱ በፊት ይነሣ።

ለበያጁ የሚሰጠው ትእዛዝ እንግዲህ አጭር ነው። ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር፤ መደርደሪያው ሁለት፣ የታችኛው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፤ ጀርባና ጎን የሌለው፤ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነም በብሎን ተፈታቶ የሚገጣጠም። የሚቆምበት ቦታ የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው የምዕራብ ግድግዳ የራቀ ይሁን። ብየዳው ሲያልቅ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ፤ በተለይ የእግሮቹ ጫፍና የብየዳው መጋጠሚያ እንዳይረሳ። ቀለሙ ሽታው እስኪጠፋ ሁለትና ሦስት ቀን ደጅ ይቆይ። አምፕሊፋየሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ባትሪ ይዞ ከኋላ ማየት፣ በእግሮቹ ላይ የአፈር መስመር ከታየ ጠርጎ ምንጩን ከግድግዳው መፈለግ ነው።